ቅጥሩን አብረን እንሥራ

ንባብ፦ ምሳሌ 25፥28፤ ነህምያ 2፥11–18

ራሱን የማይገዛን ሰው ሰሎሞን ቅጥሯ ከፈረሰ ከተማ ጋር ያመሳስለዋል። ይህ ቃል ለትልልቆች ተግሣጽ ሲሰበክ ብዙ ጊዜ ሰምቻለሁ። ልቤን የነካው ግን ሰቆጣ ባለው የእህቴ ልጅ ምክንያት ነው።

ልጁ ዘጠኝ ዓመቱ ነው። ተራ መጠበቅ አይችልም፤ ጥያቄው ሳያልቅ ይመልሳል፤ ጓደኛውን ይገፋና ወዲያው ራሱ ያለቅሳል። አንድ ቀን ከእናቱ እጅ አምልጦ አስፋልት ውስጥ ገባ፤ የጭነት መኪናው ክንድ ሲቀረው ቆመ። ጎረቤት “ባለጌ” ይለዋል። ከምእመናንም “መንፈስ ቢኖርበት ነው” ያሉ አልጠፉም። እህቴ ግን “ወንድሜ፣ እሱኮ ማጥፋቱን የሚያውቀው ካጠፋ በኋላ ነው” አለችኝ።

ሐኪሞች ይህን የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ የመቅበጥበጥ ችግር ይሉታል። በዓለም ላይ ከመቶ ልጆች በአምስቱ ገደማ ይታያል፤ ምልክቱ ከ12 ዓመት በፊት ይጀምራል። “ቆይ፣ አስብ” የሚለው የአንጎል የፊተኛው ክፍል በእነዚህ ልጆች ዘግይቶ ይበስላል። በአብዛኛው በዘር የሚወረስ ነው፤ በጨቅላነት የደረሰ ከባድ የምግብ እጥረትም ትኩረትን ሊጎዳ ይችላል። መቀንጨርን ለማስቀረት በ2007 ዓ.ም የታወጀው “የሰቆጣ ቃል ኪዳን” በከተማችን ስም መጠራቱ ለእኛ ለዋግ ሰዎች ትልቅ ማሳሰቢያ ነው።

ነህምያ የኢየሩሳሌም ቅጥር መፍረሱን ሲሰማ አለቀሰ፣ ጸለየ። ከዚያም በሌሊት ዞሮ ፍራሹን መረመረ፤ ሕዝቡም በየቤቱ ፊት ለፊት ድንጋይ አነሣ። ያ ቅጥር በ52 ቀን አለቀ። የልጅ ቅጥር ግን ዓመታት ይፈልጋል።

እህቴ ድንጋዩን አንድ በአንድ እያስቀመጠች ነው። ዐይኑን እያየች አንድ ትእዛዝ ብቻ ትሰጠዋለች። ጥቂት ከታገሠ እዚያው “ጎበዝ፣ ጠበቅህ!” ትለዋለች። ሲያጠፋ አስቀድሞ የሚያውቀው ቀላል ቅጣት አለው፤ ዱላ የለም። መምህሩም ከፊት ያስቀምጠዋል፤ መቁነጥነጥ ሲጀምር ሰሌዳ እንዲያጠፋ ይልከዋል። ሐኪም ማማከርም የእምነት ጉድለት አይደለም፤ ወንጌላዊው ሉቃስ ሐኪም ነበር።

ወገኔ ሆይ፣ ራስን መግዛት የመንፈስ ፍሬ ነው፤ ፍሬ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይበስልም። በአጥቢያህ እንዲህ ያለ ልጅ ካለ እናቱ በአምልኮ መካከል አፍራ ስትወጣ ዝም ብለህ አትይ። አጠገቡ ተቀመጥ፤ አንዱን ድንጋይ አንሣ።

ጌታ ሆይ፣ እኛን በታገሥህበት ትዕግሥት ልጆቻችንን እንድንታገሥ እርዳን። አሜን።