ስም የሌለው ወረቀት

አገር ቤት ሳለሁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የአማርኛ መምህር ነበርኩ። አሁን ካልጋሪ ውስጥ ታክሲ እነዳለሁ። ባለፈው የበረዶ ወራት ከኤርፖርት ያሳፈርኩት ወጣት በመስታወቱ ትክ ብሎ ሲያየኝ ቆየና፣ «መምህር! እርስዎ ነዎት?» አለኝ። የቀድሞ ተማሪዬ ኖሯል። «ስም የሌለው ወረቀት አላርምም እያሉ ስንቱን ዜሮ አስታቀፉን!» ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ቀጥሎ፣ «አሁንስ ይጽፋሉ?» ሲለኝ ግን መልስ አጣሁ።

ነገሩ ወደ ሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ይመልሰኛል። በዚያ ወር አዲስ አበባ ውስጥ ስድስት የዞን ዘጠኝ ጦማሪያንና ሦስት ጋዜጠኞች ታሰሩ። ጦማር በግዕዝ ደብዳቤ ማለት ነው፤ እነዚህ ወጣቶችም በኢንተርኔት ላይ ለአገራቸው ሰው ደብዳቤ ይጽፉ ነበር ማለት ይቻላል። ስያሜያቸውን ያገኙት ከቃሊቲ እስር ቤት ነው። እስር ቤቱ በስምንት ዞን የተከፈለ ስለነበረ፣ እስረኞቹ ከአጥሩ ውጭ ያለውን አገር በሙሉ ዘጠነኛው ዞን ይሉት ነበር። ከታሳሪዎቹ አንዱ ዘላለም ክብረት የአምቦ ዩኒቨርሲቲ መምህር ነበር፤ እንደ እኔው ጠመኔ የያዘ ሰው። እሱ ግን የሚጽፈው በስሙ ነበር።

የተከሰሱት በ2001 ዓ.ም. በወጣው የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም.፣ ፕሬዚዳንት ኦባማ አዲስ አበባ ሊገቡ ጥቂት ሳምንታት ሲቀራቸው፣ አምስቱ ክሳቸው ተቋርጦ ተፈቱ። የቀሩትን ፍርድ ቤቱ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. ከሽብር ክሱ ነፃ አላቸው።

እኔ በታሰሩ ሰሞን፣ ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ፣ ስለ እነሱ ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ላሳትመው ሳስብ እናቴ ትዝ አለችኝ፤ እህቶቼም የመንግሥት ሠራተኞች ናቸው። ስሜን ሰረዝኩ። ስም የሌለውን ጽሑፍ ማን ያምነዋል ብዬ ደግሞ ወረቀቱን አጥፌ ዳሽቦርዱ ውስጥ ከተትኩት። ለቤተሰቤ ብዬ ነው ስል ኖርኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ለፋሲካ አገር ቤት ገብቶ መውጣት እንዳይቀርብኝም ፈርቼ ነበር። እናቴ ካረፈች አራት ዓመት ሆናት። ፍርሃቴ ግን አብሯት አልተቀበረም።

አባቶቻችን «ዝም አይነቅዝም» ይላሉ። እህል ይነቅዛል፣ ዝምታ ግን አያስጠይቅም ለማለት ነው። እኔ እንደታዘብኩት ዝምታም ይነቅዛል። 17ኛው አቬኑ ላይ ቡና ይዘን፣ በ2013 ዓ.ም. ስለተነሳው የሰሜኑ ጦርነትም ሆነ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ አማራ ክልል ውስጥ ስለሚፈሰው ደም ስናወራ፣ የማናውቀው ሰው ብቅ ካለ ወሬውን ወደ ቤት ኪራይና ወደ መኪና ኢንሹራንስ እናዞረዋለን። ዘጠነኛውን ዞን በሻንጣችን ይዘነው የመጣን ይመስለኛል።

ሁሉም ሰው ስሙን እያወጣ ይጻፍ አልልም። አገር ቤት ያለ ሰው የሚፈራበት በቂ ምክንያት ይኖረዋል፤ እዚህም ወላጅ ያለው ሰው ቢጠነቀቅ አልፈርድበትም። የምለው ስለ ራሴ ነው። ሌላው በስሙ ጽፎ ሲታሰር፣ እኔ ካልጋሪ ተቀምጬ ተማሪዎቼን የቀጣሁበትን ጥፋት ሠራሁ።

ተማሪዬ ሲወርድ ሒሳብ አልቀበልህም አልኩት። «እንግዲያው ይጻፉና ያስነብቡን» ብሎኝ ሄደ። ማታውኑ ያንን የታጠፈ ወረቀት አወጣሁት። ቀለሙ ደብዝዟል፤ የተሰረዘው ስሜ ግን ይነበባል።

የመጽሔቱን አዘጋጆች የለመንኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ስሜ ከነአባቴ ስም እንዲወጣ። እርማቱን ለእናንተ ትቻለሁ።