ያልተለመደ ዜማ ትርጓሜ ያሻዋልን?

ሰው ያልለመደውን ዜማ በሰማ ጊዜ ከሁለት ነገር አንዱን ያደርጋል፤ ወይ ይስቃል፥ ወይ «ይህ ምንድር ነው?» ብሎ ይጠይቃል። የሚስቀው ጆሮውን ይዘጋል፤ የሚጠይቀው ግን በሩን ገርበብ አድርጎ ይተወዋል። በመልሱ ላይ ደግሞ ሰዎች በሁለት ወገን ይከራከራሉ። አንዱ ወገን «መልካም ዜማ ያለ አስተርጓሚ ልብ ይገባል፤ ማብራሪያ የሚሻ ዜማ ጐደሎ ነው» ይላል። ሁለተኛው «ያልተማረ ጆሮ ወርቁን ከአፈሩ አይለይም» ይላል። ስኮትላንዶች የሚነፉት፥ ባግፓይፕ የተባለው ባለ ስልቻ ዋሽንት ለዚህ ክርክር መልካም ምስክር ነው።

ነፊው በአፉ እየነፋ ስልቻውን ይሞላል፤ በክንዱም እየተጫነ አየሩን ወደ ቧንቧዎቹ ይሰዳል። ጣቶቹ የሚሠሩበት የዜማ ቧንቧ አንድ ሲሆን የሚያወጣውም ድምፅ 9 ብቻ ነው። በትከሻው ላይ የሚጋደሙት 3 ቧንቧዎች ያው የማይለወጠውን ድምፅ ሳያቋርጡ ያሰማሉ። ነፊው በዜማው መካከል ዝም ሊያሰኘው ወይም ድምፁን ከፍ ዝቅ ሊያደርገው አይችልም። ስለዚህ አንዱን ድምፅ መድገም ሲፈልግ እንደ ዐይን ቅጽበት የሚያልፍ ሌላ ትንሽ ድምፅ በመካከሉ ጣል ያደርጋል። ይህን የማያውቅ ሰው መንተባተብ ይመስለዋል፤ የሚያውቅ ግን በቃልና በቃል መካከል እንደሚቆሙት ሁለት ነጥቦች መሆናቸውን ያስተውላል።

በፈረንጅ አቆጣጠር በ1963 ዓመት በኖቬምበር ወር የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ጆን ኬኔዲ ሲቀበሩ፥ ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ከሌሎች መሪዎች ጋራ በእግር አስከሬኑን በሸኙበት ሰልፍ፥ ብላክ ዎች ከተባለው የስኮትላንድ ክፍለ ጦር የመጡ ሰዎች ባግፓይፕ ይነፉ ነበር። የፊላደልፊያው ጥቁር አሜሪካዊ የጃዝ ሙዚቀኛ ሩፈስ ሃርሊ ይህን በቴሌቪዥን ተመለከተ። ማንም አላብራራለትም፤ ድምፁ ግን ከጆሮው አልጠፋ አለ። በሳክስፎኑ ሊያወጣው ሞከረ፥ አልሆነለትም። በኋላም በኒውዮርክ ከተማ ዕቃ በመያዣ ተቀብሎ ከሚያበድር ሱቅ አንድ ባግፓይፕ ገዛ። በ1965 ዓመት «ባግፓይፕ ብሉዝ» የተባለው ሸክላው ተቀዳ።

እንግዲህ ፊተኛው ወገን «ይኸው፥ ዜማው ያለ ማብራሪያ ሃርሊን ማረከው» ሊል ይችላል። ነገር ግን ሃርሊ ባዶ ጆሮ ይዞ አልተቀመጠም፤ ለብዙ ዓመታት ድምፅን ሲመረምር የኖረ ሰው ነበር። ያለ ትርጓሜ የተረዳ የሚመስለን ሰው ብዙ ጊዜ ትርጓሜውን አስቀድሞ በሌላ መንገድ የተማረ ነው።

የሃርሊ ፈተና ከዚያ በኋላ መጣ። ባግፓይፕ የሚወዱት ጃዝን አልጠበቁም፤ ጃዝ የሚወዱትም ስልቻ አልጠበቁም። በቴሌቪዥንም የእንግዳውን ነገር ለመገመት በሚደረጉ ጨዋታዎች ላይ ቀረበ። እንዲህ ሲሆን ዜማው እንቆቅልሽ ይሆናል፤ እንቆቅልሽም ሲፈታ ያልቃል። «ባግፓይፕ የሚነፋ የጃዝ ሰው ነው» ተብሎ ከተፈታ በኋላ፥ ምን ነፋ ብሎ የሚያደምጥ ጥቂት ነው። እንዲህ ያለው ማብራሪያ ከዝምታ ይከፋል፤ ሰሚውን ያወቀ አስመስሎ ያሰናብተዋልና።

መልካሙ ማብራሪያ ሌላ ነው፤ ጆሮ ወዴት እንደሚዘነብል ብቻ ያመለክታል። ለምሳሌ፥ በተለመደው ጃዝ ከዜማው በታች ያለው ድምፅ ይለዋወጣል፤ በባግፓይፕ ግን ከሥር ያለው አይናወጥም። ይህን የተነገረው ሰው ዜማው ከቆመው ድምፅ ሲርቅና ሲመለስ ይከታተላል፤ ጕድለት የመሰለውም ነገር መሠረት ሆኖ ይታየዋል።

በስኮትላንድ ደጋማ አገር ያሉ የጥንት ነፊዎችም ይህን ያውቁት ነበር። እነርሱ «ክዮል ሞር»፥ ማለት ታላቅ ዜማ የሚሉት አለ። በዝግታ በመሠረቱ ይጀመራል፤ ከዚያ የጣቱ ሥራ እየተደራረበ በየተራው ይለወጣል፤ በመጨረሻም መሠረቱ ይመለሳል። የሰልፍ ዜማ ብቻ የለመደ ሰው በመካከሉ ይሰለቻል። የጥንቶቹ መምህራን ግን ለተማሪ ብዙ አልተነተኑም፤ የጣቱን ሥራ በቃላት ድምፅ እየመሰሉ አዜሙለት፥ እርሱም ተቀብሎ አዜመ። ማብራሪያው ራሱ ዜማ ነበረ።

እንግዲህ ማብራሪያ ፍቅርን አይፈጥርም፤ ንቀትን ግን ሊያርቅ ይችላል። አስረጂ እንግዳን እስከ ደጅ ያደርሳል እንጂ ስለ እንግዳው ሆኖ አይጫወትም። ሃርሊም በ2006 ዓመት በ70 ዓመቱ ዐረፈ፤ ሸክላዎቹ ግን ዛሬም አሉ። አስቀድሞ ሰምቶ፥ ጥቂት ጠይቆ፥ ዳግመኛ ለሚሰማ ሰው ሥራው እንቆቅልሽነቱን ትቶ ዜማ ይሆንለታል።