ሌላ ገጽ ገልጦ ያነበበው ልጅ

እስቲ ዛሬ ራሴን ልማ።

የአማርኛ አስተማሪ ነኝ፤ 7ኛና 8ኛ ክፍል። የሥነ ጽሑፍ ዘውጎችን ሳስተምር ለዓመታት አንድ መንገድ ብቻ ነበረኝ። ሰሌዳው ላይ «ልቦለድ ማለት...» ብዬ እጽፋለሁ፣ ልጆቹ ደብተራቸው ላይ ይገለብጣሉ። «ተውኔት ማለት...»፣ «ሥነ ቃል ማለት...»። ፈተና ላይ የልቦለድ አላባውያንን ዘርዝሩ እላለሁ፤ ሴራ፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት፣ ግጭት፣ ጭብጥ ብለው ይደረድሩልኛል። በሕይወቱ አንድ ልቦለድ ያልጨረሰ ልጅ «መቼት» ከ«መቼ»ና ከ«የት» የተሠራ ቃል መሆኑን ነግሮኝ 10 ከ10 ያገኛል። እኔም ጎበዝ አስተማሪ ነኝ ብዬ እተኛለሁ።

ባለፈው ዓመት ነው። 7ኛ ክፍል፣ ከ60 በላይ ልጅ፣ መጽሐፉ ለሁለት አንድ። ምንባብ በተራ አስነብባለሁ። ከኋላ የሚቀመጥ አንድ ልጅ ተነሣና ሁለተኛውን አንቀጽ ጀመረ። ሲያነብ ደስ ይላል፤ አይደናቀፍም፣ ድምፁ ጥርት ያለ። በዴስኮቹ መሃል እየሄድኩ አጠገቡ ስደርስ መጽሐፉን አየሁት። የገለጠው ሌላ ገጽ ነው።

ለካ ያንን አንቀጽ ባለፈው ክፍለ ጊዜ ሦስት ልጆች አንብበውት ነበር። ሰምቶ ይዞታል።

ዝም ብዬ ባልፍና በኋላ ለብቻው ባናግረው ምን ነበረበት? እኔ ግን ጣቴን ገጹ ላይ አሳርፌ «እስቲ ከዚህች ጀምር» አልኩት። ዝም። «ከዚህች!» ዝም። ክፍሉ መሳቅ ጀመረ። «ቁጭ በል» አልኩት፤ ሳቁን ግን አላስቆምኩም። ይቺን ነገር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

በማግስቱ አልመጣም። ሳምንቱን ሙሉ አልመጣም።

ከአያቱ ጋር ነው የሚኖረው። ቅዳሜ ጠይቄ ጠይቄ ቤታቸው ሄድኩ። «ይግቡ መምህር» ብለው ቡና አቀራረቡ። «ምን አጥፍቶ ነው?» አሉኝ። ያጠፋሁት እኔ ነኝ ማለት አቃተኝ። «ናፍቆን ነው እማማ» አልኩ። ፈገግ አሉ። «እሱ እኮ ማታ ተረት ሲያወራ የጎረቤት ልጅ ሁሉ እዚህ ነው የሚሰበሰበው።»

ልጁ ጓዳ ሆኖ ይሰማል። ሰኞ መጣ።

ከትምህርት በኋላ ሁለታችን መቀመጥ ጀመርን። መጀመሪያ ፊደል ጠየቅኩት። ሀ ሁን ከዳር እስከ ዳር ይወጣዋል። «ጌ»ን ብቻዋን ጽፌ ሳሳየው ግን ከንፈሩ «ገ፣ ጉ፣ ጊ፣ ጋ...» እያለ ቆጥሮ ነው የሚደርስባት። ዜማውን እንጂ ፊደሉን አያውቅም! የቄስ ትምህርት ቤት የኔታዎች ይህን በሽታ ከድሮ ጀምሮ ያውቁታል። ሀ ሁን የወጣ ልጅ አቡጊዳ የሚገባው እኮ ለዚህ ነው፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ እያለ ተራው ስለሚዘበራረቅ በለመደው ዜማ ማምለጥ የለም። እኔ ራሴ በዚያ መንገድ ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ ግን 7ኛ ክፍል ላይ ቆሜ ትዝ አላለኝም።

ከዚያ ተረት እንዲነግረኝ ጠየቅኩት። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ ያለውን መረጠ። ለኛ አንድ መስመር ምሳሌያዊ አነጋገር ናት፤ እሱ አስተናጋጅ ጨመረበት፣ መሸት ያለ መንገድ ጨመረበት፣ ሌሊት ከመደቡ የሚሰማ የማኘክ ድምፅ ጨመረበት። በራሱ አፍ እንደተናገረው ጻፍኩት። በቃሉ እንዳይወጣብኝ ደግሞ ዐረፍተ ነገሮቹን በመቀስ ቆራርጬ አዘበራረቅኋቸው። አቡጊዳ በሉት። ተረቱን ለመግጠም የግድ ማንበብ አለበት።

ሁለት ወር ያህል ፈጀብን። አንዳንድ ቀን ይሰለቻል፤ እኔም እሰለቻለሁ።

በኋላ ያንኑ ተረት ለክፍሉ አመጣሁት። አንዱ ቡድን እንደ ተረት ያንብበው፣ ሌላው ተውኔት ያድርገው አልኩ። አንዷ «ጅቡ አለ» የሚለውን «አለ»ን አጥብቃ አነበበችውና ጅቡ እዚሁ ክፍል ያለ ይመስል ሁሉም ሳቀ። ጽሑፋችን ማጥበቅና ማላላትን ስለማያሳይ ካልገባህ በትክክል ማንበብ አትችልም፤ ይህንን በአንድ ሳቅ ተማሩት። ተውኔት የደረሳቸው ደግሞ እየጻፉ ሳለ አንዱ ቀና ብሎ «ቲቸር፣ 'አለ' የሚለው ቃል እኮ ጠፋ!» አለኝ። ስም፣ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ንግግር። ተራኪው ወጣ። እኔ ስንት ዓመት ሰሌዳ ላይ የጻፍኩት ትርጉም ይቺን ነገር አልነገራቸውም።

የመጀመሪያው የአማርኛ ተውኔት ነው የሚባለው የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ፡ የአውሬዎች ኮመዲያ» እንስሳት የሚናገሩበት እንደሆነና ሹማምንቱ እኛን ነው ብለው እንደተቆጡ፣ እንደታገደም ነገርኳቸው። ወዲያው ከፊት ወንበር ጥያቄ መጣ፦ «ታዲያ የኛ ጅብ ማነው?» ስለ ጭብጥ መናገር አላስፈለገኝም። (መልሱን እዚህ አልጽፈውም፤ ሥራዬን እወደዋለሁ።)

ጅቡን ልጁ ራሱ ልሁን አለ። ወረቀቱን ይዞ ፊት ቆመ። እጁ ይንቀጠቀጣል። «ቁርበት» ላይ ሲደርስ ቆመ። «ቁ...» አለና ዝም። ሆዴ ተላወሰ። ያንን የሳቀበትን ክፍል አየሁት፤ ማንም አልተነፈሰም። «ቁ-ር-በት አንጥፉልኝ!» አለ፤ ያኔ ክፍሉ ፈነዳ፣ የጅብ ሳቅ ሳቁለት። ከጎኑ ሄጄ ወረቀቱን ሰረቅ አድርጌ አየሁ። ጣቱ ቃሏ ሥር ነበረች።

ዘንድሮ 8ኛ ክፍል ነው። አሁንም ቀስ ይላል፤ ፈተናውም አሁንም «ልቦለድ ምንድን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፣ እኔም ትርጉሙን አስጽፋለሁ፤ ምን ላድርግ። ባለፈው ሳምንት ቤተ መጻሕፍት አገኘሁት። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አንሥቶ ውፍረቱን ከጎን እያየ ነው። መጀመሪያውን ገጽ ገለጠ፣ ከንፈሩ ትንሽ ተንቀሳቀሰ፣ ከዚያ ዘግቶ ቦታው መለሰው።

«ቲቸር፣ ይሄ ለ9ኛ ይሁንልኝ» አለኝ።