በወጨጫ ጋራ ላይ ያደርንባት ሌሊት

በኢምፔሪያል አካባቢ ለሚኖር ቤተ ሰብ ጨለማና ጸጥታ ከብርቅ ነገር የሚቈጠሩ ናቸው። በቀለበት መንገድ የሚያልፈው ተሽከርካሪ ሌሊትም አያርፍም፤ ከቦሌ የሚነሣው አውሮፕላን ያጓራል፤ የመንገዱም መብራት በመስኮት እየገባ ሌሊቱን ከቀኑ ጋር ያቀላቅለዋል። እንዲህ ባለ ስፍራ የሚያድጉ ልጆች ተራራን የሚያውቁት ከሩቅ ነው። ሰማዩ በጠራ ጊዜ በአንድ ወገን የየረርን፣ በሌላው ወገን የወጨጫን ጋራ ያያሉ፤ እግራቸው ግን አይረግጣቸውም።

በ2016 ዓ.ም. በወርኃ ጽጌ እኛ ባልና ሚስት ሦስቱን ልጆቻችንን ይዘን በወጨጫ ላይ ለማደር የተነሣነው ለሽርሽር ብቻ አልነበረም። የበኩር ልጃችን የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ተፈትኖ የማለፊያውን ነጥብ ሳያገኝ ቀርቶ ነበር። በዚያ ጊዜ ከተፈታኞቹ መካከል ግማሹንና ከዚያ በላይ ነጥብ ያገኙት ከመቶ 3 ያህሉ ብቻ ስለ ነበሩ፣ ኀዘኑ የብዙ ቤት ኀዘን ነበረ። ሆኖም የብዙዎች መሆኑ ለአንዱ ልጅ መጽናኛ አይሆነውም። ልጃችን ከክፍሉ መውጣትን ተወ፤ ወደ ማዕድም የሚቀርበው ዐንገቱን ደፍቶ ሆነ። ዘመድ በስልክ ስለ ውጤቱ በጠየቀ ቍጥር ፊቱ ይጠቍር ነበር። በቃል የሚሰጥ ምክር እንዳልረባው ባየን ጊዜ፣ ምክር የማይነገርበትን ስፍራ ፈለግን።

ወጨጫ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ የሚገኝ፣ እሳቱ ከጠፋ ብዙ ዘመን የሆነው የእሳተ ገሞራ ተራራ ነው፤ ከፍታውም ከባሕር ወለል በላይ ከ3300 ሜትር ይበልጣል። ጐኑን የሸፈነው የመናገሻ ሱባ ደን በአገራችን ከታወቁት ጥንታውያን ጥብቅ ደኖች አንዱ ነው። ከ1426 እስከ 1460 ዓ.ም. የነገሡት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ የጥድ ዘር አስመጥተው በዚህ ጋራ እንዳስተከሉ በትውፊት ይነገራል። አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ከተቈረቈረች በኋላ በዙሪያዋ ያለው ዛፍ እያለቀ ስለ ሄደ፣ ዐፄ ምኒልክ በ1890ዎቹ ወደ ምዕራብ ራቅ ብለው በአዲስ ዓለም ሌላ ከተማ ማሠራት ጀምረው ነበር። ከተማችን በስፍራዋ እንድትጸና ካደረጉት ምክንያቶች አንዱ ፈጥኖ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። ጥድ ግን እንደ ባሕር ዛፍ አይፈጥንም፤ የተከለው ሰው ታላቅነቱን ሳያይ ያልፋል።

ለጕዞው የተሰናዳነው በጥንቃቄ ነበር። ከደኑ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ተቀበልን፤ ስለ መንገዱም ደኅንነት ጠየቅን፤ የአካባቢውንም ተወላጅ መሪ አድርገን ያዝን። በጋራው ጫፍ ቧንቧ የለምና ለያንዳንዱ ሰው 4 ሊትር ውኃ መደብን፤ ይህም ለአምስት ነፍስ 20 ኪሎ ሸክም ማለት ነው። ስንቃችን በሶ፣ ቆሎና ዳቦ ቆሎ ነበረ፤ አባቶቻችን ለረዥም መንገድ የመረጡት ሳይበስል የሚበላ፣ ለጾምም የሚስማማ ምግብ ነውና። ብርድ ልብስና ሹራብ ጨመርን፤ ሰው ከፍ ባለ ቍጥር በየ1000 ሜትሩ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል፤ ቦሌም ያለችው በ2330 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

በቀለበት መንገድ ዞረን፣ በአየር ጤናና በሰበታ አልፈን ወደ ደኑ ደረስን። ከዚያ በኋላ ያለው የእግር መንገድ ነው። በታች ጥዱ፣ ዝግባውና ወይራው ፀሓይን ጋርደው ቆመዋል፤ ጉሬዛዎችም ነጭ ጅራታቸውን እያንጠለጠሉ ከቅርንጫፍ ወደ ቅርንጫፍ ይዘላሉ። ከፍ ሲሉ ኮሶው ይመጣል፤ ወደ ጫፉ ሲቀርቡም ዛፉ ያጥርና አስታው ይተካል። ሁለት ሰዓት ያህል እንደ ተጓዝን ታናሽቱ ልጃችን ደክማ ተቀመጠች። ያን ጊዜ የበኩር ልጃችን አንዲት ቃል ሳይናገር የእኅቱን ውኃ ከሻንጣዋ አውጥቶ በራሱ ሻንጣ ጨመረና ፊት ፊት መሄድ ጀመረ። ከዚያም በኋላ መንገዱ በከበደበት ሁሉ ወደ ኋላ እየተመለከተ ይጠብቀን ነበር።

ያደርንበት ስፍራ ሣር የለበሰ ጠፍጣፋ መሬት እንጂ ሌላ ነገር የሌለው ነበረ። ነፋሱ የድንኳኑን ችካል ስለ ነቀለው፣ ልጃችን ከመሪያችን ጋር ድንጋይ እየተሸከመ አጸናው። እሳት አላነደድንም፤ የደረቀ ሣርና አስታ በአንዲት ፍም ይያያዛልና። ለመጸዳጃ ራቅ ብለን ከስንዝር በላይ ጕድጓድ ቈፈርን፤ በኋላም በዐፈር ደፈንነው። ጸሎታችንን አድርሰን በሶውን በጥብጠን ከጠጣን በኋላ፣ ብርድ ልብስ ተከናንበን ወደ ምሥራቅ ተመለከትን። አዲስ አበባ እንደ ተበተነ ፍም በሩቅ ታበራ ነበር። ልጆቹም ቤታችን የትኛው መብራት ዘንድ ይሆን እያሉ ተከራከሩ።

ከብዙ ዝምታ በኋላ ልጃችን እንዲህ አለ፦ «አባዬ፣ እማዬ፣ ደግሜ እፈተናለሁ። ነገር ግን እስክፈተን ድረስ ስለ ውጤት ማንም አይጠይቀኝ። ውጤቱም ሲወጣ ለሰው የምነግረው እኔው ልሁን።»

«ይሁን፣ ልጄ» አልነው። ከዚህ በላይ የተናገርነው የለም። በማግሥቱ ቆሻሻችንን በፌስታል ሰብስበን፣ ባዶውን የውኃ ዕቃ ተሸክመን ወረድን።

አንባቢዎቻችን ሆይ፣ ተራራ የወደቀውን ውጤት አይለውጥም። ነገር ግን በቤት ውስጥ ወላጅ ተሸካሚ፣ ልጅ ሸክም ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ። በጋራ ላይ ሸክሙ በሊትርና በኪሎ የሚለካ ስለ ሆነ፣ ማን ለማን እንደሚሸከም ሁሉም ያየዋል። የወደቀ መስሎት ያፈረ ልጅ ለእኅቱ ብርታት መሆኑን በዓይኑ ካየ፣ ስለ ራሱ የሚያስበው ይለወጣል። ይህን ለማየት የግድ ወደ ወጨጫ መሄድ አያስፈልግም፤ ለልጁ እውነተኛ ሥራ መስጠትና ዝም ብሎ መጠበቅ ይበቃል። የምትሄዱ እንደሆነ ግን ውኃውን አታሳንሱ።

ልጃችን ከዚያ በኋላ ደግሞ ተፈትኗል። ውጤቱን የሚናገረው እርሱ እንዲሆን ቃል ገብተንለታልና በዚህ አንጽፈውም።