ከጉደር እስከ ጊምቢ

ከአምቦ ወደ ወለጋ የሚሄድ መንገደኛ ጉደር ሲደርስ ቀይ ወይን ጠጅ ሳያስታውስ አያልፍም፤ ከተማዋን በየመደብሩ ያስጠራት ጠርሙሱ ነው። ባኮን ስናልፍ እኔም ወይኑን ረሳሁት። አኖ ላይ ከመንገዱ ግራና ቀኝ የቆመው የደረቀ በቆሎ ነበር። ነቀምቴ ስንደርስ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥት ለመመለሻ አስቀመጥኩት። ቡና ለቀማው ሳያልቅብኝ ልድረስ ብዬ ወደ ዴዴሳ ቆላ ወረድኩ፤ ከዚያም ወደ ጊምቢ ዳገት ወጣሁ።

የተቀበሉኝ ቤተሰብ ቡና የተተከለበት ተረተር በቀጥታ አያስወጣም፤ እየጠመዘዙ ነው የሚወጡት። ከላይ ዋንዛና ሳሳ ጥላቸውን ጥለዋል። ከሥር የረገፈው ቅጠል ተደራርቦ ስለበሰበሰ እግር ይሰምጣል። ማዳበሪያ ከሱቅ ገዝተው አያውቁም፤ የሚያዳብረው ይኸው ቅጠልና የከብት ፍግ ነው። በውጭ አገር ማረጋገጫ ተለጥፎለት በውድ የሚሸጥ አሠራር እዚህ የአያት ልማድ ነው።

«ይህን አባቴ ተከለው፤ እኔ ጎነደልኩት» አሉ አባወራው፣ ከአንድ ጉቶ የወጡትን ቀጫጭን ግንዶች እየዳበሱ።

«ሲጎነድሉት አላሳዘንዎትም፣ ኦቦ?»

«እንዴት አያሳዝነኝ! ምርት እስኪሰጥ እኮ ልጆቹ ይበላሉ።»

የተጎነደለ ቡና ደህና ፍሬ እስኪይዝ ሁለት ሦስት ዓመት ያስጠብቃል። ያረጀ ቡና ተሸክሞ የሚኖር ገበሬ ሰነፍ ነው የሚሉ ባለሙያዎች ይህን ሒሳብ የዘነጉት ይመስለኛል።

የወለጋ ቡና ውበቱ ማድረቂያው ላይ ነው። ቀዩ እሸት ሳይፈለፈል በሽቦ አልጋ ላይ ይሰጣል፤ ለሳምንታት በእጅ ይገላበጣል፤ ማታ ይሸፈናል። የገላው ስኳር ፍሬው ላይ እየደረቀ ስለሚቆይ፣ ቀማሾች ወይን ወይን ይላል የሚሉት ጣዕም ከዚያ ይመጣል። ከነገላው የደረቀውን ቡና፣ ጀንፈሉን፣ በእፍኝ ዘግኜ ወደ ጆሮዬ አስጠጋሁት፤ ተንኮሻኮሸ። «ደርሷል» አሉ እማወራዋ፣ ከሩቅ ሆነው። ቀጥለውም በቅቤ የተጠበሰ ቡና ቀላ አቀረቡልን። ጨዋማ ነው፤ ያኝኩታል። እኔ በበኩሌ ከዚያ በኋላ ስኒ ቡና አነሰብኝ።

ቅር ያለኝ አንድ ነገር ነው። ወይን አምራች ቤተሰብ ስሙን በጠርሙሱ ላይ ይጽፋል። የጊምቢው ቡና ግን በ2001 ዓ.ም በኢትዮጵያ ምርት ገበያ መሸጥ ሲጀምር በደረጃና በአካባቢ ተመድቦ ከሌላው ጋር ተቀላቀለ፤ የማን ጓሮ እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። አዋጅ ቁጥር 1051/2009 አምራቹ የራሱን ቡና በቀጥታ ወደ ውጭ እንዲልክ ፈቅዷል። ፈቃድና ገዢ ግን ለየቅል ናቸው፤ ናሙና ማስቀመሻ፣ መፈልፈያና ማጓጓዣ ገንዘብ ይፈልጋሉ።

ትልቁ ልጅ ግን የላይኛውን ተረተር ጀንፈል ለብቻው ማስቀመጥ ጀምሯል። አባትየው ዋጋው ይጨምር እንደሆነ ጠየቁት።

«መጀመሪያ ይቅመሱት፣ አባባ።»