በታኅሣሥ ቁር ከጣና አሳ አጥማጆች ጋር

ቱና የሚባለውን የቆርቆሮ አሳ የማያውቅ ዕጩ መምህር በመካከላችን ያለ አይመስለንም። የኪስ ገንዘብ ሲገኝ ለላጤ ወጥ ነው። ታዲያ አንድ ማታ በመኝታ ክፍላችን ክርክር ተነሣ። አንዱ ጓደኛችን «ቱና እኮ እጅ የምታህል ናት» ብሎ ድርቅ አለ። በ1972 ዓ.ም. በካናዳ፣ በኖቫ ስኮሺያ በመንጠቆ የተያዘው ቱና 679 ኪሎ ግራም መመዘኑን ስንነግረው አላመነንም። ሁለት የእርሻ በሬ ማለት እኮ ነው! ይህ አሳ ገላውን ከውኃው አስበልጦ ማሞቅ ስለሚችል በቀዝቃዛ ባሕር ያድናል፤ አጥማጆቹም በብርድ ይከተሉታል።

እኛ ከ1985 ዓ.ም. ወዲህ ባሕር የለንም። ጣና ግን አለን። ስለዚህ በታኅሣሥ ዕረፍት ስድስት ሆነን በቡሬ፣ በእንጅባራ፣ በዳንግላና በመራዊ አድርገን ባሕር ዳር ገባን። (ጾመ ነቢያት ነበረ። በጾም አሳ ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ ብንጀምር ግድግዳው አይበቃንም።)

ጎሕ ሳይቀድ ሁለት ሁለት እየሆንን ከቀዛፊዎቹ ጋር በሦስት ታንኳ ወጣን። የደንገል ታንኳ ላይ የተቀመጠ ሰው የጣናን ብርድ በመቀመጫው ነው የሚያውቀው። ውኃው በደንገሉ መካከል ቀስ እያለ ይገባና ጋቢውን ያርሰዋል፤ ከዚያ በኋላ ጋቢ መልበስና አለመልበስ አንድ ነው። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኑ የሌሊቱ ቁር ቀላል አይደለም። ሽማግሌው አጥማጅ ግን ማታ የጣሉትን መረብ በባዶ እጃቸው ይስባሉ። እኛም እንርዳዎ ብለን ጥቂት እንደሳብን ጣቶቻችን ኖራ መያዝ እንኳ የሚችሉ አልመሰሉንም።

መጀመሪያ የወጣው ቆሮሶ ነው። ቀጥሎ አምባዛ። ከዚያም ሁለት ነጭ አሳ፣ አንደኛው ክንድ ሙሉ። ደስታችን ወሰን አጣ። ሽማግሌው ግን «ይኼማ የድሮው ልጅ ነው» አሉን።

እዚህ ላይ ጥቂት እናብራራ። ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ በታች ያለው አሳ ሽቅብ ወደ ጣና መግባት አይችልም። ስለዚህ በሐይቁ ውስጥ ነጭ አሳ የምንለው ወገን ለብቻው ተራብቶ አሥራ አምስት ያህል ዓይነት ሆኗል፤ ስምንቱ ሌላ አሳ የሚበሉ ናቸው። አብዛኞቹ በሌላ አገር የሉም። በ1978 ዓ.ም. የሞተር ጀልባና ዘመናዊ መረብ መግባት ጀመረ፤ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ግን የሚያዘው ነጭ አሳ በሦስት አራተኛ ያህል መቀነሱን የአሳ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። ምክንያቱም ብዙዎቹ ዓይነቶች በክረምት ለመራባት እንደ ግልገል ዓባይና ጉማራ ባሉት ወንዞች ሽቅብ ይወጣሉ። መረቡ የሚጠብቃቸው ወንዙ አፍ ላይ ነው። ያመለጠውን ደግሞ ላይኛው አገር ብርብራ ይቆየዋል።

ብርብራን ከእኛ መካከል የማያውቅ የለም። ፍሬው ተወቅጦ ውኃ ውስጥ ሲበተን አሳው ይሰክራል፣ ይንሳፈፋል፤ ትልቅ ትንሽ፣ እናት ልጅ አይለይም። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የአሳ ሀብት አዋጅ በመርዝ ማጥመድን ይከለክላል፤ ነገር ግን አዋጁን ወንዝ ዳር ማን ያነበዋል?

ፀሐይ ወጥታ ዳር እሳት ስንሞቅ ሽማግሌው መምህር ልንሆን መሆኑን ሰሙና ምን አሉን መሰላችሁ? «ልጆቼ፣ ብርብራውን የሚወቅጡት እኮ የእናንተው ተማሪዎች ናቸው።»

«አባባ፣ አባት ውቀጥ ሲለው ልጁ ምን ይበል?» አልናቸው።

«እሱንማ እናንተ ንገሩኝ እንጂ፤ የተማራችሁት እናንተ!» ብለው መረባቸውን መጠገን ያዙ።

በመልሱ መንገድ እስከ ዳንግላ ድረስ ተከራከርን። ግማሾቻችን አባቱን ትቶ ልጁን ማስተማር ልጁን ማስገረፍ ነው አልን። ግማሾቻችን ወላጆችን ትምህርት ቤት ጠርተን እናነጋግር አልን፤ «በእርሻ ጊዜ ማን ይመጣልህ!» የሚል መልስ ተሰጠን። ስምምነት የለም። ከስድስታችን ሁለቱ የግልገል ዓባይ ዳር ልጆች ስንሆን ለክረምት ወደዚያው እንገባለን፤ አሳውም በዚያው ወራት ወንዙን ይወጣል።