ድርና ማግ

በጎንደር ከተማ፣ በደብረ ብርሃን ሥላሴ አጥቢያ፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላ ቆብ የጫኑ አንዲት እናት ነበሩ። በጕልምስናቸው ጊዜ ፈትላቸው እንደ ሐር የለሰለሰ ስለ ነበረ ሸማኔዎች ለድር ይሻሙት ነበር። እመቤታችን ብሥራተ ገብርኤልን የሰማችው ሐርና ወርቅ አስማምታ ስትፈትል ነው ይባላልና፣ እኒህም እናት ፈትልን ከጸሎት ለይተው አያዩትም ነበር። ኋላ ግን ዓይናቸው ፈዘዘ፤ ጣታቸውም ተንቀጠቀጠ። እንዝርቱ እንደ ቀድሞው ቢሾርም ክሩ አንድ ጊዜ እንደ ገመድ ይወፍራል፤ አንድ ጊዜ እንደ ጠጉር ይቀጥናል።

የልጅ ልጃቸው ለትምህርት ወደ ደባርቅ በሄደ ጊዜ፣ ቁመቱ ከ4,500 ሜትር የሚበልጠው ራስ ዳሸን ያለበትን የስሜንን አገር ብርድ ያውቁ ነበርና፣ በእጃቸው ፈትለው ጋቢ ሊያለብሱት ቃል ገቡ። ከቆላው ከመተማ በኩል የመጣ ጥጥ ከገበያ ገዝተው ዳመጡት፤ በደጋን ነድፈው ባዘቶ አደረጉት፤ ክረምቱንም ሲፈትሉ ከረሙ።

ልቃቂቱን ይዘው ከሸማኔው ዘንድ በደረሱ ጊዜ፣ ሸማኔው ከጕድጓዱ አፍ እንደ ተቀመጠ ክሩን ሳብ አድርጎ አየና ዝም አለ። እሳቸውም ዝምታው ገብቷቸው፣ «ልጄ፣ እጄም እንደ ዓይኔ ከዳኝ። ከእሳት በቀር ለምን ይሆናል?» አሉት።

ሸማኔውም፣ «እማሆይ፣ ለድር ባይሆን ለማግ ይሆናል» ብሎ ምክንያቱን ገለጸላቸው። ድር ተወጥሮ ይውላል፤ ሸማኔው በረገጠ ቍጥር ይሳባል፤ ስለዚህ የቀጠነው ይበጠሳል፤ የወፈረውም በጠባቡ መተላለፊያ እየተያዘ ሥራ ያሰናክላል። ማግ ግን በመወርወሪያ ገብቶ በድሩ መካከል ይተኛል እንጂ እንደ ድር አይወጠርም። እንዲያውም የሳሳና የተነፋ ማግ በውስጡ አየር ይይዛልና ሙቀት ያቆያል። ድሩን በፋብሪካ ክር ዘርግቶ ማጉን በእሳቸው ፈትል ሞላው፤ ባለ 4 ድርቡ ጋቢም ወደ ደባርቅ ሄደ።

ለማግ ስንኳ ያልሆነውን ቍጥርጥር ክር እማሆይ አክርረው፣ በሰም ነክረው፣ ጧፍ አደረጉት። በቅኔ ሰም ወርቅን ይሸፍናል፤ በዚህም ጧፍ ሰሙ የክሩን ጕድፍ ሸፈነ። በበራ ጊዜ ግን በመቅደሱ ደጅ የታየው ብርሃኑ ብቻ ነበረ።

ያረጀውን ሰው እንደ ድር ወጥረው ሲበጠስ የሚያዝኑበት፣ አለዚያም ዋጋ የለውም ብለው ከእሳት ዳር የሚተዉት ብዙዎች ናቸው። ከድርና ከእሳት መካከል ግን ማግ አለ፤ ጧፍም አለ። እማሆይም ይህን ካወቁ ወዲህ እንዝርታቸውን አላስቀመጡም።